ሠሪው ያልታወቀ ወንበር

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩት ለእናቴ የአጎት ልጅ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ያ አልላቀቅ ብሎዎት የነበረው ሳልስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም በላይ ነኝ። ሥራ አገኘሁ!

በስልክ ላበስርዎ ነበር። እርስዎ ግን ገና «ሄሎ» ስል «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ አይቆራረጥም፤ አሁን የት ይገባሉ?

ሥራው ምን መሰልዎ። እዚህ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም የጥንት ዕቃ ገበያ አለ። ድሮ አውቶቡሶች ያድሩበት የነበረ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የዘይቱ እድፍ እስከ ዛሬ ከወለሉ አልለቀቀም። ሰዓት፣ ፋኖስ፣ መስተዋት፣ ወንበር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር ይሸጣል። ታዲያ ገዢው «ተታለልኩ፣ ተጭበረበርኩ» እያለ ስላስቸገረ፣ የገበያው ኮሚቴ የሻጮች ደንብ የሚጽፍለትና የየዕቃውን መለያ ወረቀት የሚቆጣጠርለት ሰው ፈለገ። የታሪክ ዲግሪ ታቅፎ በየበሩ የሚያንኳኳ ከእኔ ሌላ ከየት ያመጣል?

ደንቡን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ መለያ ይታሰራል። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ፣ ተጠግኖም ከሆነ ምኑ እንደተጠገነ መጻፍ አለበት። ሻጩ የማያውቀውን «አላውቅም» ይበል፤ አለማወቅ ነውር አይደለም። ፈጥሮ የጻፈ ግን ወዮለት! የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ፤ ቢሆንም ሐሳቤ ከዚህ ገበያም ያልፋል። ይህ ደንብ በሌሎቹም ገበያዎች እንዲሠራበት አደርጋለሁ። ይስቁብኝ፤ ያዩኛል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ባርኔጣውን በጣራ ሥር እንኳ የማያወልቅ አንድ ሻጭ አለ፤ ሁሉም ባለባርኔጣው ይሉታል፤ የገበያው ኩራት ነው። እሱ ዘንድ አንድ ባለክንድ ወንበር አየሁ። የአንድ ዳኛ ቤት ዕቃ ነበር ይላል መለያው፤ አባት ለልጅ እያወረሰ ሦስት ትውልድ ተቀምጦበታል። እኔም ተቀመጥኩበት። ጋሼ፣ የግራ ክንዱ ላይ የተበላ ቦታ አለ፣ እጄ እዚያ ውስጥ ልክክ አለ! ቀኙ ግን ምንም አልሆነም። ዳኛው እንደኛ ቤት ሰው ግራኝ ነበረ ማለት ነው። «ፍርዱንም በግራ ሳይፈርድ አይቀርም» ብዬ አዳራሹን አሳቅሁት።

የእርስዎ አናጢነት እንዴት ይዞዎታል? ሥራ አለ? ይጻፉልኝ። ዕድሜዎ ይርዘምልኝ፣ መጋዝዎ አይዶልዱም።

እርስዎ «ጥያቄ» ብለው የሰየሟት ልጅዎ

———

ኅዳር 2 ቀን

ለልጄ ለጥያቄ፤

ጤናሽ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይጽና። የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ፣ ክፉ ሰው መንገድሽን አያውቀው። እኛ ደኅና ነን። ወገቤ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ሲንቋቋ ይውላል፤ ማጠፊያ እንኳ ዘይት ሲቀቡት ዝም ይላል።

ሥራ በማግኘትሽ ደስ ብሎናል። እናትሽ ሰፈሩን አዳርሳ ጨርሳለች፤ አሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ናት። ያልሰማ የለም፤ የሰማውም ይሰማል።

ስለ መለያው ያልሽውን አየሁት። እኔ እንኳ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ወንበር ላይ እንጂ ወረቀት ላይ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ሰው የሚገዛው ልቡ የወደደውን ነው። ልቡ የወደደውን ደግሞ አንቺ በክር አስረሽ አትችይውም። አዲስ መጋዝ ነሽ፤ አዲስ መጋዝ ጥርሱ ስለታም ስለሆነ የሚቆርጠውን አይመርጥም። ቀስ በይ። መጀመሪያ ሥራሽን አጽኚ፣ ከዚያ ገበያውን ታጸጅዋለሽ።

ደግሞ የሰው ዕቃ ላይ አትቀመጪ፣ ነውር ነው። ያንን የግራኝ ቀልድም ደጋግመሽ አታውሪው። ቀልድ ሲደገም ይጎመዝዛል።

ሥራ አለ፤ ተመስገን፣ ሞልቷል። አንድ የሩቅ ከተማ ደንበኛ አግኝቻለሁ፤ ሠርቶ መላክ ብቻ ነው። የምታውቂውን የሚያፈስ ጣራ በዚሁ አስቀየርኩት። ከቻልሽ ጥሩ ብረት ያለው ጠባብ መሮ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ገና እንጨት ሲያይ ይታጠፋል።

አምላክ ከፊትሽ ይቅደም።

ጋሼሽ

———

ኅዳር 29 ቀን

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለባለባርኔጣው አዲስ ጭነት ገባለት። የመርከብ አዛዥ ወንበር፣ የነጋዴ ወንበር፣ የአንዲት ዘፋኝ ወንበር። ሁሉም የተለያየ ቤት፣ የተለያየ ዘመን፣ መለያቸው አምሮ የተጻፈ። ነውር ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን በየተራ ተቀመጥኩባቸው። ጋሼ፣ የሁሉም የግራ ክንድ ተበልቷል! ዳኛው ግራኝ፣ መርከበኛው ግራኝ፣ ነጋዴው ግራኝ፣ ዘፋኟም ግራኝ። እኔ ሳልሰማ ዓለም ሁሉ ዘመዳችን ሆነ እንዴ?

አንዱን ገለበጥኩት። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የተያያዘበትን አኳኋን የማላውቀው መሰልዎ? ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ተቀምጬ ቁጥር የሠራሁት የት ነው? እርስዎ ወንበሩን በጉልበትዎ ደግፈው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን በግራ እጅዎ ይዘው ሲፍቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሊያስረጁት ሲፍቁት እጅዎ የሄደው በለመደበት በኩል ነው።

የመርከበኛውን ወንበር አንዲት ልብስ ሰፊ ገዛችው። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አባቷ መርከብ ላይ ሊሠራ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ መልኩን እንኳ አታስታውስም። የተበላውን ክንድ እየዳበሰች «እሱም እንዲህ ያለው ላይ ተቀምጦ ያውቅ ይሆናል» ስትል አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ጋሼ፣ የምትዳብሰው የእርስዎን ብርጭቆ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ፤ ጥያቄ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እነዚህን ወንበሮች የሠሩት እርስዎ ነዎት ወይስ አይደሉም? ስለ ወገብዎ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ እናቴ አይጻፉልኝ። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።

መሮው ተገዝቷል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆያል።

አክባሪዎ

———

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለተማረችው ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ፤ ልብም ይጨምርልሽ።

አዎ። እኔ ነኝ። ደስ አለሽ?

አሁን አንቺም አድምጪ። ያ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት አዲስ ወንበር ሠርቼ በሬ ላይ ሳቆም ምን ይገጥመኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። መንገደኛው ይቆማል፣ በጣቱ አቧራ ይጠርጋል፣ «ከፕላስቲኩ በምን በልጦ ነው የሚወደደው?» ይለኛል፣ ይሄዳል። ወንበሩ ዝናብ ሲመጣ ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይወጣል፤ እንደ በሽተኛ ሳመላልሰው እከርማለሁ። አንድ ቀን ያ ሰውዬ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ወንበሮቼን ዞሮ ዞሮ አያቸውና «ጥሩ ናቸው፤ ችግራቸው ወጣት ናቸው» አለኝ። «ታዲያ ምን ላድርጋቸው፣ ልዳራቸው?» አልኩት። «አስረጅልኝ» አለኝ።

አስረጀሁለት። በሰንሰለት ገረፍኳቸው። ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ቀባኋቸው፣ አመድ አሸሁባቸው። ልጅ ሠርቼ ሽማግሌ አድርጌ ሸኘሁ። በጤናው ጊዜ ዞሮ ያላየው ሰው፣ ገርፌ ሳበላሸው እጅ ይነሳው ጀመር። ይኼ የኔ ጥፋት ነው? ሰው የቆመን አያከብርም፤ የሚያከብረው የሞተን ነው።

ዳኛ አላልኩም። መርከብም በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅ። እኔ እንጨት ሸጥኩ፤ ምላስ የቀጠለለት ሌላ ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ወንበሬ እዚያ ደርሶ ምን እንዳለ እኔ እዚህ ሆኜ በምን ልወቅ?

ይልቅ አንቺ! የተማርሽበትን ጠረጴዛ ማን ሠራው? አንዱ እግሩ አጥሮ ሲንገዳገድብሽ ማን መጥቶ አስተካከለው? ያን ጊዜ «መለያው የታለ?» አላልሽም። አሁን ዲግሪ ያዝሽና እኔኑ ገልብጠሽ ታይኝ ጀመር።

የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ዝም በይ። ትልቅ ትእዛዝ ይዣለሁ። እንጨቱ ተቆርጦ ግቢው ሞልቷል፣ መውጫ መግቢያ የለኝም። ይህ ሰው ፊቱን ካዞረብኝ ሌላ ገዢ የለኝም፤ ግቢውን ዘግቼ እቀመጣለሁ። መሮውንም አልፈልግም። እርሳስ ቅረጪበት።

ለመሆኑ ያ ወረቀት ስለ ሠሪው ምን ይላል? ለማወቅ ያህል ነው።

ጋሼሽ

———

ጥር 16 ቀን

ለጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁ ማለት ጠልቻለሁ ማለት አይደለም።

ዝም ልል ሞክሬያለሁ። አልቻልኩም። ባለባርኔጣው ጠረጴዛ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«እነዚህን ወንበሮች ከየት አመጧቸው?» አልኩት።

«ከቤተሰብ።»

«ከየትኛው ቤተሰብ?»

«ስማቸው እንዲነሳ የማይፈልጉ የተከበሩ ሰዎች።»

«ሁሉም ግራኝ የሆኑ?»

ሳቀብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ወንበር ሻጭ ነኝ እንጂ መዳፍ አንባቢ አይደለሁም። ደግሞ ስሚ፤ ሰው የሚገዛው እንጨት አይደለም፣ ወሬ ነው። ወሬውን ከወሰድሽበት በምኑ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

ወደ ሊቀመንበሯ ሄድኩ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «የወንበር ክንድ ተበላ ብዬ የገበያውን አንጋፋ ሻጭ ላባርር? ማስረጃ አምጪ፤ ወይም ሰው አምጪ። ካልሆነ የሙከራ ጊዜሽ እያለቀ መሆኑን አትርሺ» አለችኝ።

ማስረጃዬ እርስዎ ነዎት። ሰዌም እርስዎ ነዎት።

መለያው ምን እንደሚል ጠይቀውኛል። ቃል በቃል ይኸውልዎ፦ «ባለክንድ ወንበር። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ። የአንድ ስመ ጥር ዳኛ ቤተሰብ ንብረት የነበረ። ምንም ያልተጠገነ። ሠሪው ያልታወቀ የገጠር አናጢ፤ ምናልባትም ማንበብና መጻፍ የማይችል፤ ቢሆንም እጁ የተባረከ።»

ቢመሰክሩ ደንበኛዎን እንደሚያጡ አውቃለሁ። የማላውቅ መስዬ አልለምንዎም። ነገር ግን ልብስ ሰፊዋ በየሳምንቱ ትመጣለች። ስለዚያ መርከበኛ ሌላ የሚያውቀው ነገር ካለ ብላ ባለባርኔጣውን ትጠይቀዋለች። እሱም በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ይጨምርላታል። አንዴ ጢሙን፣ አንዴ ፉጨቱን። ጋሼ፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ አባት እየሠራላት ነው!

ያለፈውን ደብዳቤዎን ያለ ፈቃድዎ ለማንም አላሳይም፤ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። «እኔ ሠራሁት» ብቻ።

ልጅዎ

———

የካቲት 19 ቀን

ለጋሼ፤

ደኅና ነዎት? እናቴ «ግቢውን ዘግቶ ሰው አያስገባም፤ ሲደበድብ ብቻ ይሰማል» አለችኝ። ምን እየደበደቡ ነው?

ዝምታዎ መልስ ከሆነ እሱንም ይጻፉልኝና ልወቀው። ባለፈው ቅዳሜ ባለባርኔጣው ለልብስ ሰፊዋ የመርከቡን ስም ነገራት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወረቀት ላይ ጻፈችው። እኔ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ዛሬም እንደያዝኩ ነኝ።

ልጅዎ

———

መጋቢት 5 ቀን

ሰላምታ የለም። ይህ ደብዳቤ ላንቺ አይደለም። ኮሚቴው ፊት ቆመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ብታለሰልሺው ግን አልምርሽም።

«ለገበያው ኮሚቴ፤

ዳኛ የሚባል ሰው ተቀመጠበት የተባለውን ወንበር የሠራሁት እኔ ነኝ። የሠራሁት ባለፈው ክረምት ነው። ዳኛ አልተቀመጠበትም። ከእኔ እጅ እስኪወጣ ድረስ የተቀመጠበት የጎረቤት ድመት ብቻ ነው። የመርከበኛውንም፣ የነጋዴውንም፣ የዘፋኟንም እኔ ነኝ የሠራሁት። አላመንም ካላችሁ የዳኛውን ወንበር ገልብጡት፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከኋላ በኩል ያለችውን አግዳሚ ሳንቃ አላቋት። ሥሯ ነጭ ነው። ሻዩ አልቆብኝ ነው።

አስረጅልኝ ተባልኩ፤ አስረጀሁ። ሰው ሊታለልበት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው አልልም። አዲስ ዕቃ በሰንሰለት የሚያስገርፍ ሰው ለምን እንደሚያስገርፍ የማያውቅ የለም። ለዚህ ቅጡኝ።

ያልታወቀ ግን አትሉኝም። ሰውዬው ግቢዬ ድረስ መጥቷል። በስሜ ጠርቶኛል። እጄን ጨብጦኛል። ውኃዬን ጠጥቷል። ያውቀኛል! ሰው የሚያውቀውን ሰው ወረቀት ላይ ሲገድል ዝም ብላችሁ ክር ሰጥታችሁ አሳሰራችሁት። ማንበብና መጻፍ አይችልም ላላችሁትም ይኸው፤ ጻፍኩላችሁ። አንብቡት።»

እስከዚህ ነው ለነሱ። ከዚህ ወዲያ ላንቺ ነው።

በሬን የዘጋሁት ፈርቼ አይደለም። ያንን መለያ ካነበብኩ በኋላ ትእዛዙን ልጨርስ ሞከርኩ። ሰንሰለቱን ባነሳሁ ቁጥር ያ «ያልታወቀ» የሚለው ይመጣብኛል። ገረፍኩ፤ ገረፍኩ፤ አንዱን እግሩን ሰበርኩት። የሚገርፈው እኔ፣ የሚገረፈውም እኔ ሆንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት እኔን ይዞኝ ከረመ።

ለሰውዬው «ከእንግዲህ አላስረጅም፤ የምትፈልግ ከሆነ አዲስ ነው ብለህ፣ በስሜ ሽጠው» ብዬ አሳወቅሁት። የመለሰልኝን ስድብ አልጽፍልሽም፤ ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ። ትእዛዙን ሰርዟል።

በይ እንግዲህ። የፈለግሽውን አገኘሽ።

———

ሚያዝያ 2 ቀን

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም፤ ስለዚህ እንደሆነው እጽፋለሁ።

አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳላለሰልስ። ስለ ድመቷ ሳነብ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ሲቆጣው ዝም አለ። ከዚያ ወንበሩን ገለበጡት። ሳንቃዋ ስትላቀቅ ያ ነጭ እንጨት እንደ ጥርስ ብቅ አለ። ሊቀመንበሯ በጥፍሯ ጫረችው። ባለባርኔጣው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ደረቱ ላይ ይዞ «እኔም ተታልያለሁ» አለ! «ጥንታዊ ነው ብሎ ሸጠልኝ። የገጠር ተንኮለኛ መጫወቻ ሆንኩ። እኔም እንደ ገዢዎቼ ተጎጂ ነኝ።»

ጮኽኩ። «እጁን ጨብጠዋል! አስረጅልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት!» ሊቀመንበሯ ጠረጴዛ ደበደበች። «ያ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ነው፤ ነጩ እንጨት ግን የሚታይ ነው» አለች። የሻጩ ጥፋት በምስክር ቃል፣ የሠሪው ጥፋት በሠሪው በራሱ ቃል ነው የቀረበው አሉ። ለባለባርኔጣው ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ መለያዎቹን ቀይሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀጥላል።

ለእርስዎ ግን የደንቡን አንቀጽ አወጡ። «የሐሰት ጥንታዊ ዕቃ የሠራ ሰው ሥራ ወደዚህ ገበያ ለዘለዓለም አይገባም፤ ስሙም በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።» ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ሠሪው ሌላ ሰው፣ ሩቅ ያለ ሌባ ነበር የመሰለኝ። «ላስረጀውና ላሠራው ሻጭም እንዲሁ» ብዬ መጨመር አልታየኝም። እውነቱን የተናገረ ሰው ተቀጣ፤ የዋሸው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ!

ለልብስ ሰፊዋ ራሴ ነገርኳት። መጀመሪያ የተቆጣችው እኔን ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለችኝ። ከዚያ ወንበሩን ከቤቷ አስመጥታ ወደ ባለባርኔጣው ጠረጴዛ ሄደችና ገዢው ሁሉ እየሰማ «የመርከቡን ስም ከየት አመጣኸው? ንገረኝ፣ ስሙን ከየት አመጣኸው?» እያለች ጮኸችበት። እሱ ሰዓት ይወለውል ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም። ወንበሩን አዳራሹ መሐል ትታው ሄደች።

እኔም መታወቂያዬን ሊቀመንበሯ ፊት ወርውሬ ወጣሁ። ስምዎ እዚያ በር ላይ ተለጥፎ በሥሩ እየገባሁ አልሠራም። ግቢ ሙሉ እንጨት አስታቀፍኩዎት፣ ገዢዎን አሳጣሁዎት፣ በመጨረሻም በራሴ ጽሑፍ አሳገድኩዎት። ይስደቡኝ። ግን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

———

ግንቦት 1 ቀን

ለልጄ ለጥያቄ፤

ያሳደገሽ አምላክ አይጣልሽ። እኔ ግን ልጥልሽ ምንም አልቀረኝ።

ማን ውጪ አለሽ? በማን ፈቃድ ነው የወጣሽው? እኔ ወንድ ልጅ አይደለሁ፣ ቅጣቴን በራሴ ትከሻ መሸከም ያቅተኛል? አንቺ መታወቂያ ወርውረሽ ስትወጪ፣ ያ ባለባርኔጣ በማን ፊት ሊያፍር ነው? ሜዳውን ለቀሽለት ሄደሽ «ተናደድኩ» ትይኛለሽ። ንዴት እኮ ሥራ ነው፤ ቁጭ ብለው ይሠሩታል። በር በርግዶ መውጣትማ ንፋስም ያደርገዋል።

ደንቡ ተጣሟል? ማን ጻፈው፣ አንቺ አይደለሽ? ሳንቃ ሲጣመምበት ጥሎ የሚሄድ አናጢ አላውቅም። እሳት ያሳየዋል፣ ውኃ ይረጨዋል፣ ክብደት ይጭንበታል፣ ያቀናዋል። ተመልሰሽ ሄደሽ የጎደለችውን ዐረፍተ ነገር ጨምሪ፦ ያስረጀም፣ አስረጅ ያለም፣ እያወቀ የሸጠም። አንቀበልሽም ካሉሽ በሩ ላይ ቆመሽ ለሚገባው ገዢ ሁሉ ንገሪው፤ አፍ አለሽ፣ እኔ ምስክር ነኝ። ያቺንም ልብስ ሰፊ ፈልጊያት። ይቅርታ በይልኝ አልልሽም፤ ይቅርታዬን ራሴ እጽፍላታለሁ፤ አድራሻዋን ላኪ።

ስለ እኔ አትጨነቂ አልልሽም፤ ውሸት ነው። ትእዛዙ ግቢው ውስጥ እንደተቆለለ ነው። ያልተገረፉትን በቫርኒሽ ጨርሼ በር ላይ ደርድሬያለሁ። ሰው አሁንም በጣቱ አቧራ ይጠርግና ያልፋል። ትናንት አንዱ «ከፕላስቲኩ...» ብሎ ሲጀምር መጋዙን ይዤ ብድግ ስል ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ሌላ የሚገዛኝ እስካገኝ የበርና የመስኮት ጥገና እየለቀምኩ ነው። በሰውዬው ተናድጃለሁ፣ በኮሚቴው ተናድጃለሁ፣ ባንቺም እንዲሁ። ንዴቴን ማን ይወስድብኛል?

አሁን ደግሞ የምጠይቅሽን በጥንቃቄ መልሺልኝ። ስሙ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ነው ያልሽው? ተለጥፏል? በትልቁ ነው በትንሹ? የኔ ብቻ ነው ወይስ ከነአባቴ? ሥራዬንስ ጽፈዋል፣ አናጢ ይላል? የትኛውን ወንበር እንደሠራሁ፣ መቼ እንደሠራሁት፣ እንዴት አድርጌ እንዳስረጀሁት ይላል? መለያ ማለት እንዲህ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ አይደለሽ? እንግዲያው የኔንም እንደ ደንቡ አሟልተው ይጻፉት። ተንኮለኛ ይበሉኝ፣ አስረጅቷል ይበሉኝ፣ እውነት ነው፤ እቀበላለሁ።

በፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በሬ ላይ፣ ከወንበሮቹ በላይ እሰቅለዋለሁ። የሚገዛኝ ሰው ማን እንደሠራው ይወቅ፤ ያ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚያውቅም ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ይቀመጥበት ወይም ይለፍ።

አባቴን ከዘለሉት ግን እንዳታነሺው። እስኪጨምሩት ድረስ እዚያው ቆመሽ ጨቅጭቂያቸው።

ጋሼሽ